ካሴቶቻችሁን አትጣሉ፣ ጥሬውንም ቅጂ አታጥፉ

ይድረስ ለጋዜጣው ዝግጅት ክፍል፣

ጤና ይስጥልኝ። የቆዩ ካሴቶችን ወደ ቤት ኮምፒውተር ስለማስገባትና ሲዲ ላይ ስለመጻፍ ያወጣችሁትን ጽሑፍ ሁለት ጊዜ አነበብኩት። መጀመሪያ ደስ አለኝ። ስንት ሰው ቤት ነው አልጋ ስር በካርቶን የተረሳ ካሴት ያለው! አንድ ሰው «አውጡት፣ ሳይበላሽ ገልብጡት» ብሎ መጻፉ ትልቅ ነገር ነው። ሁለተኛ ሳነበው ግን ሁለት ቦታ ላይ ቆምኩ። አንዱ «ቦታ እንዳይፈጅ በቀጥታ ኤምፒ3 አድርጋችሁ ቅዱት» የሚለው ነው። ሌላው መጨረሻ ላይ ያለው፣ «ሲዲው ከተጻፈ በኋላ ካሴቶቹን መጣል ትችላላችሁ» የሚለው።

እባካችሁ፣ አትጣሉ። ይህን የምለው ልክ ጽሑፋችሁ እንዳለው አድርጌ ስላየሁት ነው።

እናቴ ከሬዲዮ የቀዳቻት አንዲት የ90 ደቂቃ ካሴት አለችን። ያኔ ቤታችን ሬዲዮውና ቴፑ ለየብቻ ነበሩ፣ የሚያገናኛቸው ገመድም አልነበረንም። ስለዚህ ቴፑን ሬዲዮው ፊት ታስቀምጥና በራሱ በቴፑ ማይክ ትቀዳ ነበር። ለዚህ ነው ካሴቷ ላይ ዘፈን ብቻ የማይሰማው። በር ሲከፈት ይሰማል። ወንበር ሲጎተት ይሰማል። ሁለተኛው ዘፈን ላይ ደግሞ እናቴ አብራ ስታንጎራጉር ይሰማል፤ በጣም ዝቅ አድርጋ፣ ቃል ሳታወጣ፣ አፏን ገጥማ። ልጆች ሆነን «ዝም በይ እንጂ፣ እየተቀዳ'ኮ ነው» እንላት ነበር።

ይህችን ካሴት ወደ ኮምፒውተር ያስገባሁት በአንድ ከሰዓት ነው። ከቴፑ የጆሮ ማዳመጫ ቀዳዳ ገመድ አውጥቼ ኮምፒውተሩ ማይክ ላይ ሰካሁት። ቀዳሁ። ሽሽ የሚለው የካሴት ድምፅ ስላስጠላኝ የድምፅ ማጽጃውን እስከ መጨረሻው ከፍ አድርጌ ለቀቅኩበት። በ128 ኪሎቢት ኤምፒ3 አድርጌ አስቀመጥኩት፣ ትልቁን ፋይል አጠፋሁት፣ ሲዲ ጻፍኩ። ካሴቷን ከሌሎቹ ጋር ፌስታል ውስጥ ከተትኳት፣ ልጥላት። ሲዲውን ለእህቴ ሰጠኋት። ማታ ደወለችልኝና «ጥሩ ነው፣ ጠርቷል» አለች። ትንሽ ዝም አለች። ከዚያ «የእማዬ ድምፅ ግን የታለ?» አለችኝ።

ደግሜ ሰማሁት። የለም። እሷ በነበረችበት ቦታ የሆነ ውሃ ውስጥ የሚንቦጫረቅ የሚመስል ድምፅ ብቻ አለ።

ምን እንደተፈጠረ ልንገራችሁ፣ ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነውና። ድምፅ የሚያጸዱ ብዙ ፕሮግራሞች፣ በነፃ የሚገኘውና ብዙ ሰው የሚጠቀምበት ኦዳሲቲም ጭምር፣ በናሙና ነው የሚሠሩት። ሽሽታ ብቻ ያለበትን አጭር ቦታ ትመርጡላቸዋላችሁ። እነሱ ያንን ይይዙና ከጠቅላላው ቅጂ ላይ እሱን የሚመስለውን፣ ከእሱም ጎላ ያላለውን ድምፅ ሁሉ ይቀንሱታል። እኔ የመረጥኩት ቦታ ላይ እናቴ እያንጎራጎረች ነበር። ዝቅ ስላለ አላስተዋልኩትም። ለፕሮግራሙ እሷም ሽሽታ ሆነች። የተረፈውን ደግሞ ኤምፒ3 ጨረሰው። ኤምፒ3 ፋይል የሚያሳንሰው ጆሮ አይሰማውም ብሎ የገመተውን እየጣለ ነው፤ መጀመሪያ ከሚጣሉት መካከል ደግሞ ከጎላ ድምፅ ስር የተሸፈነ ደካማ ድምፅ አለበት። ከዘፈን ስር ያለ እንጉርጉሮ ማለት ይኸው ነው።

የተረፍነው ፌስታሉ ገና ደጃፍ ላይ ስለነበረ ነው። ቆሻሻው የሚወጣው በማግስቱ ነበር።

ሁለተኛ ጊዜ እንዴት እንደሠራሁት ልጻፍላችሁ። ጽሑፋችሁ ስለ ቴፑ አንድ መስመር ብቻ ነው ያለው። እኔ ግን ግማሹ ሥራ እዚያ ነው ባይ ነኝ። ፕሮግራሙ የቱንም ያህል ጎበዝ ቢሆን የቴፑ ሄድ (የካሴቱን ክር እየነካ ድምፁን የሚያነበው ክፍል) ያላነበበውን ድምፅ ከየትም አያመጣውም። ስለዚህ የጆሮ ማጽጃ ጥጥ አልኮል ነክሬ ሄዱን ጠረግኩት። ጥጡ ቡናማ ሆኖ ወጣ። ሌላ አመጣሁ፣ እሱም ቡናማ። ክሩን የሚስበውን ቀጭን ብረትም ጠረግኩ። ብረቱ ላይ ተጭኖ የሚሽከረከረውን ጎማ ግን በእርጥብ ጨርቅ ነው ያጸዳሁት፣ አልኮል ጎማ ስለሚያደርቅ። ጥጡ ነጭ ሆኖ እስኪወጣ አላቆምኩም፣ እስኪደርቅም ጠበቅኩ።

ካሴቷን ከማስገባቴ በፊት ጀርባዋ ላይ ያሉትን ሁለት ትንንሽ የፕላስቲክ ጥርሶች ሰበርኳቸው። እነሱ ካልተሰበሩ ቴፑ ላይ ያለችው የመቅጃ ቁልፍ ትሠራለች፣ አንድ ጊዜ በስህተት ከተነካች ደግሞ በዓመታት የቆየው ቅጂ ላይ ባዶ ይቀዳበታል። እባካችሁ ይህን ከሁሉ በፊት አድርጉ። አምስት ሰከንድ አይፈጅም።

ቀጥሎ ማጠንጠን ነው። ለዓመታት ያልተነካ ክር እርስ በርሱ ይጣበቃል፣ አንድ ቦታ ጠብቆ ሌላ ቦታ ይላላል። እንዲሁ ማጫወት ከጀመራችሁ ቴፑ ሊበላው ይችላል። መጀመሪያ የላላውን በእስክሪብቶ ቀስ ብሎ ማጥበቅ፣ ከዚያ አንዴ እስከ ጫፍ ወደፊት፣ አንዴ እስከ ጫፍ ወደኋላ። የእኛዋ ካሴት ሌላም ችግር ነበራት፣ ክሩን ሄዱ ላይ ተጭና የምትይዘው ትንሿ ስፖንጅ ወድቃለች። ድምፁ ይመጣል ይሄዳል፣ ይመጣል ይሄዳል። እንደ እድል ሆኖ ቀፎዋ በአምስት ቪቴ የተዘጋ ዓይነት ነው። በትንሽ ካቻቢቴ ፈታሁት፣ ሁለቱን ጥቅሎች ከነክራቸው አነሳሁ፣ የማያስፈልግ ካሴት ቀፎ ውስጥ አስቀመጥኳቸውና ዘጋሁት። እጄ እየተንቀጠቀጠ ነው ይህን የሠራሁት። ክሩን በጣት ጫፍ እንኳ አለመንካት ይሻላል።

አሁንም ድምፁ ድፍን ያለ ነበር። ይህ ብዙ ሰው «ካሴቱ አርጅቷል» ብሎ የሚያልፈው ነገር ነው። ካሴት እ.ኤ.አ. በ1963 ፊሊፕስ ሲያወጣው በዋናነት ለንግግር መቅጃ ነበር የታሰበው። ክሩ ወርዱ 4 ሚሊሜትር አይሞላም፣ በሰከንድም 4.76 ሴንቲሜትር ብቻ ነው የሚሄደው። በዚህ ጥበትና በዚህ ዝግታ ላይ የቀዳው ቴፕ ሄድና የሚያጫውተው ቴፕ ሄድ ጥቂት እንኳ ከተዛነፉ መጀመሪያ የሚጠፋው ቀጭኑ ድምፅ ነው፤ «ስ» ይደፈናል፣ ጸናጽሉ ይሞታል። ሄዱ ጎን ትንሽ ቪቴ አለች። ካሴቱ እየተጫወተ፣ በጆሮ ማዳመጫ እየሰማችሁ፣ በጣም በጥቂቱ ታዞሯታላችሁ። እኔ ሩብ ዙር እንኳ አላዞርኩም። አፉን በእጁ ሸፍኖ ሲያወራ የነበረ ሰው እጁን ያነሳ መሰለኝ። ይህን ማንኛውም ማጽጃ ፕሮግራም አይሰጣችሁም። የቪቴዋን የመጀመሪያ ቦታ ግን ምልክት አድርጉበት፣ ሌሎች ካሴቶችን ስታጫውቱ መመለስ ያስፈልጋል።

ወደ ገመዱ ልምጣ። ዴስክቶፕ ኮምፒውተር ጀርባ ላይ ብዙ ጊዜ ሦስት ባለ ቀለም ቀዳዳዎች አሉ። ሮዙ የማይክ ነው፣ አረንጓዴው ወደ ድምፅ ማጉያ የሚወጣ፣ ሰማያዊው ላይን ኢን የሚባለው። ቴፕ የሚሰካው ሰማያዊው ላይ ነው። የማይክ ቀዳዳ በጣም ደካማ ድምፅ እንዲቀበል ተደርጎ የተሠራ ስለሆነ ከቴፕ የመጣውን ድምፅ አጉልቶ ይሰነጥቀዋል፣ አብዛኛውን ጊዜም ግራና ቀኙን ለይቶ አይቀዳም። ላፕቶፕ ላይ ሰማያዊው ከሌለ በዩኤስቢ የሚሰካ፣ ላይን ኢን ያለው ትንሽ የድምፅ ካርድ መጠቀም ነው። ሸክላ ላላቸው ደግሞ አንድ ነገር ብቻ ልጨምር፤ የሸክላ ማጫወቻ በቀጥታ አይሰካም፣ በመሃል የሸክላ ድምፅ የሚያጎላና የሚያስተካክል መሣሪያ ያስፈልገዋል፣ ውስጡ ካልተሠራለት በስተቀር።

የድምፁን መጠን ስታስተካክሉ ካሴቱ ላይ በጣም የሚጮኸውን ቦታ ፈልጉና እዚያ ላይ መለኪያው ከዜሮ 6 ዲሲቤል ያህል ዝቅ እንዲል አድርጉ። ቀይ ከመታ አለቀ። ዝቅ ብሎ የተቀዳ ኋላ ከፍ ይደረጋል፣ ከጣሪያ በላይ ሄዶ የተቆረጠውን ግን የሚመልሰው የለም። እምም የሚል ድምፅ ከስር ከሰማችሁ የላፕቶፑን ቻርጀር ነቅላችሁ በባትሪ ሞክሩት፣ ብዙ ጊዜ መንስኤው እሱ ነው። የኮምፒውተሩንም የማሳወቂያ ድምፆች አጥፉ። የመጀመሪያው ቅጂዬ ላይ ሦስተኛው ዘፈን መሃል መልእክት መጣ ብሎ ጭው የሚል ድምፅ ገብቶ ነበር።

ከዚያ መቀመጥ ነው። የ90 ደቂቃ ካሴት ለመገልበጥ 90 ደቂቃ ይፈጃል፣ አቋራጭ የለውም። እኔ ሁለተኛውን ጊዜ ቁጭ ብዬ ሰማሁት፣ ወረቀትና እስክሪብቶ ይዤ። ዘፈኑ የት እንደጀመረ፣ ክሩ የት እንደተጨማደደ፣ በሩ የት እንደተከፈተ ጻፍኩ። እናቴ የምታንጎራጉርበት ቦታ ላይ ሰዓቱን ጽፌ ከስሩ ሁለት ጊዜ አሰመርኩበት።

ፋይሉ ትልቅ ነው፣ እውነት ነው። ሲዲ ላይ የሚጻፍ ድምፅ በሰከንድ 44,100 ጊዜ በ16 ቢት ይለካል፣ ያውም ለግራና ለቀኝ ለየብቻ። ይህ ሲባዛ በደቂቃ 10 ሜጋባይት ተኩል ያህል ነው፣ አንድ የ90 ደቂቃ ካሴት ደግሞ 950 ሜጋባይት ገደማ። ሃርድ ዲስክ ጠባብ በነበረበት ዘመን በቀጥታ ኤምፒ3 አድርጉ የሚለው ምክር ያስኬድ ነበር። ዛሬ አንዲት ፍላሽ ስንት እንደምትይዝ አስቡት። ቦታ የግድ ካሳሰባችሁም ፍላክ የሚባል ዓይነት አለ፤ ፋይሉን ያሳንሰዋል፣ ከድምፁ ግን ምንም አይጥልም፣ ሲፈታ ልክ እንደነበረው ነው የሚመለሰው። ለስልክና ለመኪና ኤምፒ3 አውጡ፣ ችግር የለውም። ከጥሬው ቅጂ ላይ፣ ማለትም ካልተነካውና ድምፅ ካልተጣለበት፣ በፈለጋችሁ ጊዜ ስንት ኤምፒ3 መሥራት ይቻላል። ከኤምፒ3 ግን ጥሬውን መሥራት አይቻልም። ኤምፒ3ውን መልሳችሁ ሲዲ ላይ ብትጽፉትም ፋይሉ ይተልቃል እንጂ የተጣለው ድምፅ አይመለስም።

አሁን «ጥሬ» የሚል ፎልደር አለኝ። እዚያ የገባ ፋይል አይነካም። ሽሽታ መቀነስ፣ መቁረጥ፣ ድምፅ ማስተካከል ሁሉ የሚደረገው ሌላ ፎልደር ውስጥ ባለው ግልባጭ ላይ ነው። የፋይሉ ስም የካሴቷን ስም፣ ጎኑን፣ የተገለበጠበትን ቀንና የተጠቀምኩበትን ቴፕ ይይዛል። ማጽጃውንም እጠቀማለሁ፣ አልጠላሁትም፤ ግን ናሙና የምወስደው ዘፈኑ ከመጀመሩ በፊት ማንም ከሌለበት ቦታ ነው፣ ለስለስ አድርጌ። ትንሽ ሽሽታ ቢቀር ምን አለበት?

ስለ ሲዲው። ሰዎች ደጋግመው «ኮምፒውተር ላይ ይሠራል፣ ማጫወቻው ግን አያነበውም» ሲሉ እሰማለሁ። አብዛኛውን ጊዜ ችግሩ ሲዲው ሲጻፍ የተመረጠው ዓይነት ነው። ፋይሎቹን እንዲሁ ጎትታችሁ ከጣላችሁበት የዳታ ሲዲ ነው የሚሆነው፣ እንደ ፍላሽ። እ.ኤ.አ. ከ1982 ጀምሮ የወጡት መደበኛ ማጫወቻዎች የሚያውቁት ኦዲዮ ሲዲን ነው፣ ፕሮግራሙ ላይ ይህን ለይታችሁ መምረጥ አለባችሁ። ኦዲዮ ሲዲ በደቂቃ ነው የሚለካው፣ 80 ደቂቃ፣ ቢበዛ 99 ትራክ። ለዚህ ነው የ90 ደቂቃ ካሴት አንድ ሲዲ ላይ የማይገባው። ሀ ጎን በአንድ፣ ለ ጎን በሌላ አድርጉት። ዘፈኖቹ ተያይዘው የሚሄዱ ከሆነ በመሃል ሁለት ሰከንድ ዝምታ እንዳይገባ ሙሉውን ሲዲ በአንድ ጊዜ የሚጽፈውን ምርጫ ውሰዱ። ፍጥነቱን መጨረሻ ላይ አታድርጉት። በ8 እጥፍ 10 ደቂቃ ያህል ነው የሚፈጀው፣ ከዚያ ለማትረፍ መቸኮል አያስፈልግም። መጨረሻ ላይ ፕሮግራሙ ሲዲውን መዝጋቱን (ፋይናላይዝ ማድረጉን) አረጋግጡ፣ ካልተዘጋ ሌላ ማጫወቻ አያነበውም። የሚደመሰሰውን ዓይነት ሲዲም የቆዩ ማጫወቻዎች ብዙ ጊዜ አያነቡትም።

አሁን ወደ ዋናው ጭንቀቴ። ቤት የተጻፈ ሲዲ ፋብሪካ ከወጣው ሲዲ ጋር አንድ አይደለም። የፋብሪካው ድምፅ ፕላስቲኩ ላይ በቅርጽ የታተመ ነው። እኛ የምንጽፈው ግን ሌዘር የቀየረው ቀለም ነው፣ ቀለም ደግሞ በፀሐይና በሙቀት ይለወጣል። መኪና መስታወት ስር የረሳሁት ሲዲ ነበረኝ፣ ጭረት አልነበረውም፣ ግን ከአራተኛው ዘፈን በኋላ አልነበብ አለ። ሌላም አለ። ሁላችንም የምንጠነቀቀው ለሚያብረቀርቀው ለታችኛው ፊት ነው። ድምፁን የያዘው ክፍል ግን ከላይኛው፣ ስም ከምንጽፍበት ፊት ጋር ነው የሚጠጋው፣ የሚሸፍነውም ስስ ቅብ ብቻ ነው። ታች ያለ ቀላል ጭረት ሊወለወል ይችላል። ላይ ያለውን በእስክሪብቶ ከወጋችሁት ግን ድምፁን ራሱን ነው የወጋችሁት። ለሲዲ ተብሎ የተሠራ ለስላሳ ማርከር ተጠቀሙ፣ የሚለጠፍ ወረቀትም አትለጥፉበት።

ስለዚህ ሲዲውን ለመስማትና ለመስጠት እንጂ ብቸኛ ማስቀመጫ አድርጌ አላየውም። የእናቴ ካሴት ዛሬ ኮምፒውተሬ ላይ፣ ሌላ ሃርድ ዲስክ ላይና እህቴ ቤት አለች። እህቴ አዲሱን ሲዲ ስትሰማ ስልኩን አልዘጋችም ነበር። ሁለተኛው ዘፈን ሲደርስ ምንም አላለችኝም፣ ከእናቴ ጋር ማንጎራጎር ጀመረች።

ለዝግጅት ክፍሉ አንድ ልመና አለኝ። «ካሴቶቹን መጣል ትችላላችሁ» የምትለዋን መስመር በሚቀጥለው እትም አርሙልን። በምትኩ «ደረቅና ቀዝቀዝ ያለ ቦታ አቁማችሁ አስቀምጧቸው፣ ከድምፅ ማጉያና ከማግኔት አርቋቸው» በሉ። ጽሑፋችሁን አንብቦ ዛሬ ፌስታል የሚያዘጋጅ ሰው ይኖራልና ባትዘገዩ ደስ ይለኛል።

አክባሪያችሁ፣
የዘወትር አንባቢ